አቃቂ የሚደርሰው ዓሣ ለምን አነሰ? ከአንዲት የሎብስተር ደሴት የሚገኝ መልስ

በዐቢይ ጾም ሰሞን ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ያሉት የዓሣ ቤቶች ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ዘይት ያግላሉ። በሌሊት ከዝዋይ ተጭኖ በመቂና በሞጆ በኩል የመጣው ቆሮሶ በረዶ በተነሰነሰበት የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ተደራርቦ ይጠብቃል፤ ጥብስ ያዘዘ ሰው ቆሞ እያየ ቅርፊቱ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፣ ሆዱ ይቀደዳል፣ ጎንና ጎኑ ይተለተላል። በሰፈሬ ያለችውን ባለመጥበሻ ለዓመታት ስለማውቃት ሳህኗ ላይ የደረሰውን ለውጥ ከማንም ሪፖርት በፊት ያየሁት በዓይኔ ነው። ድሮ አንድ ዓሣ ሳህኑን ሞልቶ ጭራው ከጠርዙ ይተርፍ ነበር፤ አሁን ለአንድ ሰው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ትደረድራለች፣ የአንዱም ጭራ ከጠርዙ አይደርስም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቃት ዓሣውን ማገላበጧን ሳታቋርጥ፣ «ዘንድሮ ዓሣው ልጅ ነው» አለችኝ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ሕዝቡ በዛ፣ ጾመኛው በዛ፣ ዓሣው አለቀ የሚል ነው። ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዝዋይ ዓሣ እጅግ የበለጠ ገንዘብ የሚፈስበት፣ ፈላጊው በዓለም ዙሪያ የተበተነ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲጠመድ ኖሮ እስካሁን ያላለቀ የውኃ እንስሳም አለ። የሁለቱን ዕጣ ያለያየው ዋናው ነገር፣ ወደ ውኃው ማን እንደሚገባና ምን ተመልሶ እንደሚጣል የሚወስን፣ ውሳኔውንም የሚያስከብር አካል መኖሩና አለመኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማሳየት ከዝዋይ በፊት ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አንዲት ትንሽ የአትላንቲክ ደሴት መሄድ ግድ ይሆናል።

እንስሳው ሎብስተር ይባላል። አሥር እግር ያለው፣ የፊተኞቹ ሁለቱ እግሮቹ ትልልቅ መቆንጠጫዎች የሆኑለት፣ መላ አካሉ በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ የባሕር ፍጡር ነው፤ በሕይወት ሳለ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል፣ ሲቀቀል ግን እንደ በርበሬ ይቀላል። በእኛ አገር ገበያ የማይታወቀው ባሕር ስለሌለን ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በውኃ ውስጥ ካሉት መካከል ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብቻ ብሉ ስለሚል፣ ቢመጣም እንኳ ብዙ ሰው እጁን አይሰድለትም። በዚሁ ሕግ ቅርፊት የሌለው አምባዛም ከብዙ ክርስቲያን ማዕድ ርቆ ኖሯል። ቆዳው ተገፎ ፊሌት ተብሎ ሲቀርብ ግን ማን እንደሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ ተመጋቢ በሰፈራችን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ደሴቲቱ ሞንሂጋን ትባላለች። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ከየብሱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ የምትገኝ፣ ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንደር ናት። በበጋ ጎብኚና ሠዓሊ ያጥለቀልቃታል፤ ብርዱ ሲመጣ ግን የሚቀሩት ሰዎች መቶ አይሞሉም፣ ከእነሱም ጥቂቶቹ ቤተሰቦች የሚተዳደሩት በሎብስተር ነው። ሥራው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። አጥማጁና አንድ ረዳቱ በጀልባ ወጥተው፣ ከውኃው በላይ በተንሳፋፊ ምልክት የሚታወቀውን ገመድ በማንሻ መሣሪያ እየጎተቱ፣ ከባሕሩ ወለል የሽቦ ሣጥን ያወጣሉ። ወጥመዱ ሁለት ክፍል አለው፤ ማባበያው የተንጠለጠለበትን አጥማጆቹ «ማድ ቤት»፣ ገብቶ መውጫ የሚያጣበትን ክፍል ደግሞ «ሳሎን» ይሉታል። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትንንሾቹ ሾልከው እንዲወጡ ሆን ተብሎ የተተወ ጠባብ መውጫ አለ።

ወጥመዱ ጀልባው ላይ ከተነሣ በኋላ የሚሆነው ነገር የዚህ ጽሑፍ ማዕከል ነው። አጥማጁ በኪሱ ወይም በአጠገቡ ከማትጠፋው የነሐስ መለኪያ ጋር እያንዳንዱን ሎብስተር ያስተያያል፤ ከዓይኑ ጉድጓድ እስከ ጀርባው ልባስ መጨረሻ 83 ሚሊ ሜትር ገደማ ካልሞላ ይጣላል፣ ከ127 ሚሊ ሜትር ካለፈም ይጣላል። የመጀመሪያው ገና ስላልወለደ፣ ሁለተኛው አብዝቶ ስለሚወልድ ነው። ሕጋዊው መጠን ላይ ለመድረስ አንድ ሎብስተር ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ዛሬ የተጣለው የሚታጨደው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጅራቷ ሥር በሺህ የሚቆጠር እንቁላል እንደ ጥቁር ዘለላ ተጣብቆባት የወጣች ሴት ከሆነች ደግሞ፣ አጥማጁ በቢላ ወይም በመብሻ ከጅራቷ ክንፍ ላይ እንደ ሹል ማዕዘን ያለች ትንሽ ቁራጭ አንስቶ ወደ ባሕሩ ይመልሳታል። ያ ምልክት በሚቀጥለው ጊዜ እንቁላል ባይኖራትም «ይህቺ እናት ናት» ብሎ ይመሰክርላታል፤ ምልክት ያለባትን ይዞ መገኘት በሕግ ያስቀጣል። በሌላ አነጋገር ማንነቱን የማያውቀው ሌላ አጥማጅ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ለዚች እናት እንዲራራ የመጀመሪያው አጥማጅ በቢላው ጽፎለታል ማለት ነው። ባሕር ላይ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት አንድ ሰው በገዛ እጁ፣ ለገበያ የሚሆነውን ሎብስተር ምልክት አድርጎ ሲመልስ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው።

ለምን ይመልሰዋል? ደግ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የመለሰውን ነገ ራሱ፣ ካልሆነም ጎረቤቱ ወይም ልጁ እንደሚያወጣው ስለሚያውቅ ነው። በሜይን ጠረፍ እያንዳንዱ ወደብ የራሱ የማጥመጃ ክልል አለው፤ ይህም በሕግ የተጻፈ ሳይሆን በልማድ የኖረ ነው። የየአንዳንዱ አጥማጅ ተንሳፋፊ ምልክት የራሱ የተመዘገበ ቀለም አለው። እንግዳ ሰው ድንበር አልፎ ወጥመድ ከጣለ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ምልክቱ ላይ የምትታሰር የገመድ ቋጠሮ ናት፤ ቋጠሮዋ ካልገባችው ገመዱ ይቆረጥና ወጥመዱ ከባሕር ወለል ይቀራል። ሕጉ ይህን አይፈቅድም፣ እኔም አላመሰግነውም፤ ነገር ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ብሂላችን በባሕር ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነው።

ሞንሂጋን ከሌሎቹ ወደቦች አንድ እርምጃ ሄዳለች። የደሴቲቱ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ በበጋ ሎብስተር አያጠምዱም። በበጋ እንስሳው ልባሱን ስለሚቀይር ለስላሳና ቀላል ነው፤ በብርዱ ወራት ግን ጠንካራና ሥጋው የሞላ ይሆናል፣ ገበያውም ላይ ስለሚያንስ ዋጋው ይጨምራል። ወቅቱ የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም አንድ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኦክቶበር 1 ሆኗል። ልማዱ ደግሞ ከአጥማጆቹ አንዱ ከታመመ ወይም ጀልባው ከተበላሸበት ሌሎቹ እስኪደርስ ይጠብቁታል የሚል ነው፤ ማንም በጎረቤቱ ጉዳት አይቀድምም። ከየብስ የሚመጡ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ደሴቲቱ ውኃ መግባት ሲጀምሩ ጠቡ እየከረረ ሄደ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1998 የግዛቲቱ ምክር ቤት በዙሪያዋ ያለውን ውኃ ለደሴቲቱ አጥማጆች ብቻ የሚከልል ሕግ አወጣ። የወጥመዱ ቁጥርም ተገድቧል፤ በግዛቲቱ አንድ ሰው እስከ 800 ወጥመድ ሲፈቀድለት የሞንሂጋኖቹ ራሳቸውን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ቁጥር ወስነዋል።

ይህ ሁሉ ኑሯቸውን ቀላል አያደርገውም። ጀልባው በብድር የተገዛ ነው፣ ነዳጁ ውድ ነው፣ ለማባበያ የሚሆነው ሄሪንግ የተባለ ዓሣ ራሱ እየተመናመነ ኮታው ስለተቀነሰ ዋጋው ንሯል። ዋጋ የሚወስነው ደግሞ አጥማጁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ለማይሞላው፣ ጀልባ ላይ በአማካይ ከ6 ዶላር በላይ ሲከፈል በቀጣዩ ዓመት ወደ 4 ዶላር ወርዷል፤ የግዛቲቱ አጥማጆች ጠቅላላ ገቢም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ከ400 ሚሊዮን በታች ሆነ። ያጠመዱት ያን ያህል ሳይቀንስ ገቢያቸው ሊጋመስ ተቃረበ ማለት ነው። በዚህ በኩል ከመቂ ቲማቲም አምራች የሚለያቸው ነገር የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ደሴቶች እንመለስ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በደቡብ የሚገኘው የዝዋይ ሐይቅ፣ ደንበልም ይባላል፣ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። በላዩ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። በእነዚህ ደሴቶች ዛይ የተባሉ፣ የራሳቸው ሴማዊ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች ለዘመናት እርከን እየሠሩ ሲያርሱ፣ ሸማ ሲሠሩና ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ታቦተ ጽዮንም በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ በቱሉ ጉዶ ደብረ ጽዮን ተጠልላ እንደነበር ይተረካል። ውኃውን የሚያቋርጥ ታንኳና ታንኳ ሠሪ የነበራቸው እነሱ በነበሩበት ጊዜ ሐይቁ በተግባር ጠባቂ ነበረው። መንገዱ ተሠርቶ፣ የአዲስ አበባ ገበያ ቀርቦ፣ መረብ ረክሶ ማንም ከዳር ሆኖ መጎተት ሲችል ግን ያ ጥበቃ ቀስ እያለ ፈረሰ። ብዙዎቹ ዛዮችም ደሴቶቹን ለቀው ወደ ዳር ወጥተዋል።

የቆሮሶን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ጉዳቱ የት ላይ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። ወንዱ በዳርቻው፣ ውኃው በሚሳሳበት ቦታ፣ በአሸዋ ውስጥ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወንዱ ካጸነሰው በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች፣ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስም በአፏ ይዛቸው ትዞራለች፣ በእነዚያ ቀናት እህል ውኃ አትልም። የምትጾም እናት ብንላት አልተሳሳትንም። እንግዲህ ከዳር ሆኖ የሚጎተተው መረብ የሚያልፈው በዚያው በጎጆው ላይ ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ ስስ የናይሎን መረብ ደግሞ እናቲቱ ስትያዝ በድንጋጤ አፏን ትከፍታለችና ጫጩቶቿ እዚያው ይበተናሉ። የሎብስተሯ እናት ምልክት ተደርጎላት የምትመለስበትን ጀልባና የቆሮሶዋ እናት በርሜል ውስጥ የምትገባበትን ጀልባ ጎን ለጎን ማየት ብቻውን ብዙ ያስረዳል።

ሕግ የለንም ማለት ግን አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ ለገበያ ዓሣ ለሚያጠምድ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ መርዝና ፈንጂ ይከለክላል። አጥማጆችም በማኅበራት ተደራጅተዋል። ችግሩ ማኅበሩ አባሉን እንጂ አባል ያልሆነውን ከውኃው ማስወጣት አለመቻሉ ላይ ነው። አባሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ ይዞ በቀን ሲገባ፣ ያልተመዘገበው በሌሊት ጠባብ መረብ ይዞ ይገባል፤ አባሉም ሁለት ሦስት ሳምንት ይህን ካየ በኋላ ሕግ ማክበር ሞኝነት መስሎ ይታየዋል። በዚህ ላይ የአበባ እርሻዎችና የአትክልት ማሳዎች ፓምፕ ከሐይቁ ይጠጣል፣ የመቂና የከታር ወንዞችም ገና ከመድረሳቸው በፊት በመስኖ ይጠለፋሉ፣ እንቦጭም ደርሶበታል። ዓሣ አጥማጁ ከእነዚህ ጋር የሚከራከርበት ሸንጎ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት ቅር የሚለው አንባቢ ቢኖርም። ዓሣ ጾም ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለው ክርክር ለሊቃውንት የሚተው ነው፤ በገበያው በኩል ግን ጉዳዩ ከተወሰነ ቆይቷል። ሥጋ ቤቶች በሚዘጉባቸው 55 ቀናት የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ መረቡም ሌት ተቀን ውኃ ውስጥ ያድራል። የሞንሂጋን ሰዎች ባሕራቸውን በዓመት ውስጥ ለወራት ያሳርፉታል፤ እኛ ከከብቱ ሥጋ ስንጾም ሐይቁ ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ ይይዛል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የባዕድ ነው፣ ለእኛ አይስማማም የሚል ካለ መንዝን ይጠይቅ። የጓሳ ሣር በሚበቅልበት ደጋ ላይ የአካባቢው ሰው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለ400 ዓመት ያህል መሬቱን በጋራ ጠብቆ ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፣ መርጠው የሾሙት አለቃ ሲፈቅድ በአንድ ቀን ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የባለመብትነቱን መሠረት ሲያፈርሰው ሥርዓቱ ተናጋ፣ ጓሳውም ተጎዳ። ሞንሂጋን ላይ ወጥመድ የሚጣልበትን ቀንና መንዝ ላይ ሣሩ የሚከፈትበትን ቀን ያወጡት ሰዎች ተያይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ይግባባሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማትን ያገኘችው የመጀመሪያ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ያጠፋችው፣ የጋራ ሀብት ያለ መንግሥት ዱላና ያለ ግል ባለሀብት እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል በማጥናት ነው፤ ከመስፈርቶቿ ቀዳሚው የተጠቃሚው ወሰን በግልጽ ይታወቅ የሚለው ነው።

ወሰን ማበጀት ማለት ግን ሰው ማስወጣት ማለት ነው፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። በሜይን ፈቃድ የሚፈልግ ወጣት ከነባር አጥማጅ ጋር ተለማምዶ፣ ሰዓቱን አስቆጥሮ፣ ከዚያም በብዙ ቦታዎች ለዓመታት ወረፋ ይጠብቃል። እዚያ ያ ወጣት ሌላ ሥራ ሊያገኝ ይችል ይሆናል። በባቱ (በዝዋይ) ከተማ ዳር መረብ ተከራይቶ የሚያድረው ወጣት ግን፣ ውጣ ቢባል የሚሄድበትን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ከሞንሂጋን የምንማረው የነሐሱን መለኪያ ከሆነ አይጠቅመንም፤ መለኪያው የሚሠራው ከኋላው የመመለስ ምክንያት ሲኖር ነው። ውኃውን ለነባር ደሴተኞችና ለዳር ማኅበራት በክፍል በክፍል ለይቶ፣ ሌላውን የመከልከል መብት ሰጥቶ፣ ለሚወጡት ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ አስቦ ካልሆነ በቀር መረብ መውረስ ብቻውን የዓመት ዓመት ዜና ከመሆን አያልፍም።

የሎብስተሩ ሥርዓትም ቢሆን ሁሉን አይመክትም። የሜይን ባሕረ ሰላጤ ከአብዛኛው የዓለም ውቅያኖስ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ130 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የነበረው የግዛቲቱ ምርት ከ2022 ወዲህ ከ100 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ከሜይን በስተደቡብ ያሉት ውኆች ሞቀው ሎብስተሩ የተመናመነባቸው አጥማጆችም መለኪያቸው አላዳናቸውም። አጥማጅ የጎረቤቱን እጅ መገደብ ይችላል፣ የባሕሩን ሙቀት ግን አይችልም።

ከእኔ ሰፈር ወደ ዝዋይ ከመድረሴ በፊት የማገኘው ውኃ አባ ሳሙኤል ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ጭምር፣ ይዘው የሚገቡበት ግድብ ስለሆነ ተመራማሪዎች ከውኃውና ከደለሉ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። እንዲያም ሆኖ ይጠመድበታል። ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ ብወርድ አንድ ወጣት በመንጠቆ ከመዳፌ የምታንስ ዓሣ አወጣ። አሁንም በሕይወት ነበረች፣ አፏ ይከፈታል ይዘጋል። ብትመልሳትስ አልኩት። ወጣቱ ሳይቆጣ፣ በአገጩ ከማዶ ዳር የተቀመጠውን ሌላ አጥማጅ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ብመልሳት ያኛው ያወጣታል» አለኝ፤ ከዚያም አፉ በተቆረጠው ጀሪካን ውስጥ ጣላት።